የሐረርጌን ጎመን ዘር ሰብስቦ፣ ልዩነቱን ለክቶ፣ መርጦና አዳቅሎ ለማሻሻል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ጎመን ዘር ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ምጣድ ማሰሻ ነው፣ ፍሬው ተወቅጦ በጨርቅ ተቋጥሮ ምጣዱ ላይ እየታሸ እንጀራው እንዳይዝ የሚያደርገው ነገር። ግን ይሄ ሰብል ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ የቅባት እህል ነው፣ ቅጠሉ የሐበሻ ጎመን ሆኖ ይበላል፣ ፍሬው ዘይት ይሰጣል፣ በሐረርጌ ደጋ ደግሞ እስካሁን በየጓሮውና በየማሳው ዳር ይበቅላል። የሚያሳስበኝ ነገር ጫቱ ቦታውን እየያዘ ሲሄድ የጎመን ዘሩ መሬት እየጠበበ ነው፣ መሬቱ ሲጠብ ደግሞ እናቶቻችን ለዓመታት እየመረጡ ያቆዩት ዘር አንድ በአንድ ይጠፋል፣ ማንም ሳያየውና ሳይመዘግበው። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ሐረር፣ ድሬ፣ ሐረማያ ላላችሁ የፕላንት ሳይንስ ተማሪዎች፣ ለዲኤዎች (የግብርና ልማት ሰራተኞች)፣ ለማህበራት፣ እና "የኛ ዘር ምን አቅም አለው?" ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ነው። ማስተርስ የምትሰሩ ልጆች ስታቲስቲክሱን ጭምር ታገኙታላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ሂሳቡን ዘላችሁ አሰባሰቡንና አመራረጡን ብቻ ብትወስዱ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ሰብሉን እወቁት

ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ነው። ከጥንት ሁለት ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የተፈጠረ ነው፣ አንደኛው ሰናፍጭ (ብራሲካ ናይግራ፣ 16 ክሮሞሶም)፣ ሌላው የጥቅል ጎመን ዝርያ የሆነው ብራሲካ ኦሌራሲያ (18 ክሮሞሶም)፣ ሁለቱ ሲደመሩ የጎመን ዘር 34 ክሮሞሶም ይመጣል። ጂኖም ማለት የአንድ ዝርያ ሙሉ የጂን ስብስብ ነው፣ የሰናፍጩ ወገን ቢ ጂኖም፣ የጥቅል ጎመኑ ወገን ሲ ጂኖም ይባላል። ይሄን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የሚባል ሳይንቲስት በሶስት ማዕዘን ስዕል አስቀምጦታል፣ እስካሁን የዩ ትሪያንግል እየተባለ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ይሄ ለምን ያስፈልገናል ካላችሁ፣ በኋላ ማዳቀል ስንጀምር የትኛውን ጂን ከየትኛው ዘመድ ማምጣት እንደምንችል የሚነግረን ይሄ ስለሆነ ነው።

ገበያ ላይ ከሰናፍጭ ጋር እንዳታምታቱት። ሸዋ በር ወይ ቀፊራ ሄዳችሁ ከሻጯ ላይ ትንሽ ውሰዱና መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት፣ የሰናፍጭ ፍሬ ያነሰና ጠቆር ያለ ነው፣ የጎመን ዘር ተለቅ ይላል፣ ቀለሙም ከቢጫ እስከ ቡናማና ጠቆር ያለ ቡናማ ይሄዳል። አንድ ጣሳ ውስጥ ቢጫና ቡናማ ተደባልቆ ካያችሁ ልዩነቱ ገና ከመጀመሪያው መዳፋችሁ ላይ ነው ማለት ነው። ፌጦ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፣ እሱን ተዉት።

ጠንካራ ጎኑ ብዙ ነው። ከሬፕሲድ (ካኖላ ከሚባለው የቅባት እህል ዘመዱ) ጋር ሲነጻጸር ሙቀትና ድርቅ ይችላል፣ ብላክሌግ የሚባለውን በሽታ ይቋቋማል፣ ፍሬው ሲደርስ ቶሎ አይረግፍም። ለዚህ ነው ፈረንጆቹ የወደዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ ከዚሁ ከኛው ዘር ዘይት በተሰራ 100 በመቶ ባዮፊውል ጄት በረረ፣ በ2018 ደግሞ ኳንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልበርን ድረስ 10 በመቶ የካሪናታ ነዳጅ ቀላቅሎ በረረ። መነሻው ኢትዮጵያ የሆነ ሰብል ሰማይ ላይ ደርሷል፣ እኛ ጋ ግን አሁንም ከምጣድ ማሰሻ ብዙም አላለፈም።

ድክመቱም ሊነገር ይገባል። ዘይቱ ውስጥ ኤሩሲክ አሲድ የሚባለው ፋቲ አሲድ በጣም ብዙ ነው፣ አብዛኛው የሀገራችን ዘር ላይ ከጠቅላላው ፋቲ አሲድ 40 በመቶ አካባቢ ይሆናል፣ ለምግብ ዘይት የሚፈለገው ደግሞ ከ2 በመቶ በታች ነው። ፋጉሎው ላይ ደግሞ ግሉኮሲኖሌት አለ፣ ያ የሚቆጠቁጠው የሰናፍጭ ሽታ ያለው ነገር፣ ለከብት በብዛት ከተሰጠ እንቅርት ላይ ችግር ያመጣል። ሁለቱንም በብሪዲንግ (ዘሩን መርጦና አዳቅሎ በማሻሻል) መቀነስ ይቻላል፣ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ዘር አሰባሰብ፣ ሁሉም ነገር የሚበላሸው ወይ የሚያምረው እዚህ ጋ ነው

አንድ ህግ ብቻ ያዙልኝ፣ የእያንዳንዱን ገበሬ ዘር ለብቻው አስቀምጡ። ሰው የሚያደርገው ምንድነው፣ ከደደር ከሶስት ቤት ይሰበስብና "የደደር ዘር" ብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ ይጨምረዋል፣ አለቀ፣ ከዛ በኋላ በየትኛውም ኮምፒውተር አትለዩትም። ሶስት ቤት ከሆነ ሶስት ከረጢት፣ ሶስት ቁጥር። እያንዳንዱ ከረጢት አክሰሽን ይባላል።

ከየት ትሰበስባላችሁ? ድሬዳዋ ከተማዋ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሙቀት ነው፣ የጎመን ዘር የደጋና የወይና ደጋ ሰብል ስለሆነ እዛ አትፈልጉት፣ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ወደ ሐረማያ ሜዳ ስትገቡ ነው የሚጀምረው። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረር ትንሽ ዝቅ ትላለች። ከዛ ወደ ቁልቢ፣ ጨለንቆ፣ ደደር፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ግራዋና ጋራ ሙለታ ስር እየወጣችሁ ሂዱ። ሃሳቡ የተለያየ ከፍታና የተለያየ ዝናብ ማካተት ነው፣ አስፋልት ዳር ዳሩን ብቻ በሚኒባስ እየሄዳችሁ ከሰበሰባችሁ የምታገኙት የአስፋልት ዳር ዘር ነው፣ ገበያ የነካካው፣ እርስ በርሱ የተመሳሰለ። ከመንገድ ወጣ ብላችሁ በእግር ግቡ።

የገበያ ዘር ለመነሻ ጥሩ ነው ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ስለዚህ ሻጯን በትህትና ጠይቁ፣ "እማማ፣ ይሄ ዘር የራስዎ ማሳ ነው ወይስ የተገዛ?" በሉ፣ የራሳቸው ከሆነ ቤታቸው ድረስ ብትሄዱ ይመረጣል። ብዙ ቦታ ኦሮምኛ የሚችል ሰው አብሯችሁ ይሁን።

ማሳ ላይ ከሆናችሁ ከአንድ ተክል ብቻ አትቁረጡ፣ ቢያንስ ከ30 እስከ 50 ተክል ከማሳው ሁሉም ጥግ እያዳረሳችሁ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ፖድ (ፍሬውን የያዘው ቅርፊት) ውሰዱ፣ የሚያምሩትን ብቻ እየመረጣችሁ ሳይሆን እንዳገኛችሁ። ልዩ የሆነ ተክል ካያችሁ፣ ለምሳሌ አበባው ነጣ ያለ ወይ ቅርንጫፉ ከስር የጀመረ፣ እሱን ለብቻው በሌላ ፖስታ።

እዛው ቆማችሁ የምትጽፉት፦ የቀበሌው ስም፣ ጂፒኤስ፣ ከፍታ፣ አፈሩ ምን አይነት እንደሆነ፣ የተዘራበት ወር፣ ገበሬው ዘሩን የሚጠራበት ስም፣ ዘሩ ከአባት ከእናት የወረደ ነው ወይስ ከጎረቤት የመጣ፣ ለቅጠል ነው ወይስ ለፍሬ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች ግን ወሳኝ ናት፣ ለቅጠል ሲመረጥ የኖረ ዘር ዘግይቶ ያብባል፣ ቅጠሉ ሰፊ ይሆናል፣ ለፍሬ የተመረጠው ቶሎ ወደ አበባ ይሄዳል፣ ሁለቱን በአንድ መስፈርት ከለካችኋቸው የቅጠሉን ዘር ሰነፍ ነው ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። እና ይሄን መልስ በደንብ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው፣ ጓሮው የነሱ ነው፣ ከአባወራው ጋር ብቻ አውርታችሁ አትመለሱ።

የራሳችሁ ስብስብ ካነሰ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ብዝሃ ህይወት ኢንስቲትዩት ከመላው ሀገሪቱ የተሰበሰበ የጎመን ዘር በጂን ባንክ ያስቀምጣል፣ በደብዳቤ ጠይቃችሁ ውል ፈርማችሁ ማግኘት ይቻላል፣ የሐረርጌውን ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም ዘር ጎን ለጎን ማየት ከፈለጋችሁ ግድ ነው። ደግሞ አንድ ነገር፣ ዘር ለውጭ ሰው እንዳትሰጡ፣ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482 አለ፣ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ወንጀል ነው፣ ውጭ ያለ ፕሮፌሰር በኢሜይል "ትንሽ ላክልኝ" ቢላችሁም መልሱ በኢንስቲትዩቱ በኩል ይጠይቅ ነው።

ዘሩን ጥላ ስር አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አስፋልት ላይ አይደለም፣ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ክደኑና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ግማሹን አትንኩት፣ ዝናብ ቢቀር ወይ ከብት ቢገባባችሁ መመለሻችሁ እሱ ነው።

መዝራትና ዲዛይን

የምትዘሩት ሰኔ መጨረሻ ወይ ሐምሌ መጀመሪያ ክረምቱ ሲይዝ ነው፣ አፈሩ ልል ብሎ መዘጋጀት አለበት ምክንያቱም ፍሬዋ ትንሽ ናት፣ ጓል ስር ከገባች አትወጣም። ጥልቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። በመስመር፣ በመስመር መሃል 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከበቀለ በኋላ በተክልና በተክል መሃል 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ እስኪሆን አሳሱት። ማዳበሪያ ኤንፒኤስና ዩሪያ የአካባቢያችሁን ምክረ ሃሳብ ተከተሉ፣ ዋናው ነገር ለሁሉም ፕሎት (የሙከራ መደብ) እኩል መሆኑ ነው፣ አንዱ ፕሎት ላይ እፍኝ ከበዛ የምትለኩት የማዳበሪያውን ልዩነት እንጂ የዘሩን አይደለም።

ዲዛይኑ በዘሩ ብዛት ይወሰናል። ከአንዳንዱ አክሰሽን ያገኛችሁት አንድ ስኒ እንኳን የማይሞላ ከሆነ ኦግመንትድ ዲዛይን ተጠቀሙ፣ አዲሶቹ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይዘራሉ፣ በየብሎኩ (አንድ ላይ የተቧደኑ ፕሎቶች) የሚደጋገሙት የታወቁ ዝርያዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱ ቼክ ይባላሉ። ለቼክነት ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ የሎ ዶዶላ፣ ሆለታ-1 እና ደራሽ አይነቶቹን ያዙ። ዘሩ በቂ ከሆነ ደግሞ ላቲስ ይሻላል፣ ለምሳሌ 49 አክሰሽን በ7 በ7 ላቲስ በሁለት ድግግሞሽ፣ የሐረርጌ መሬት ተዳፋት ስለሚበዛው ትንንሽ ብሎክ ያለው ዲዛይን ከትልልቅ ብሎክ የተሻለ ይይዝላችኋል። ብሎኩን ደግሞ ተዳፋቱን ተከትላችሁ ከላይ ወደ ታች አትዘርጉት፣ አግድም አድርጉት፣ አንድ ብሎክ ውስጥ ያለው አፈርና እርጥበት ይቀራረብ።

ቦታ ከተቻለ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሐረማያ አካባቢ፣ ሌላው ደረቅ ያለ እንደ ባቢሌ ያለ፣ ወቅትም ሁለት ዓመት። በአንድ ቦታ በአንድ ዓመት የተለካ ነገር ዘሩ ይሁን ዝናቡ ተለይቶ አይታወቅም።

ተባይ ላይ ክሽክሽ ዋናው ጠላት ነው፣ በተለይ ዝናቡ ሲቆም አበባው ጫፍ ላይ ግራጫ ሆኖ ተደርድሮ ታዩታላችሁ። ከመርጨታችሁ በፊት የትኛው አክሰሽን ላይ ብዙ እንዳለ፣ የትኛው ላይ እንደሌለ መዝግቡ፣ ነጻ መረጃ ነው፣ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ረጭቶ ያጠፋዋል።

ምን ትለካላችሁ

ከእያንዳንዱ ፕሎት መሃል ላይ ካሉት ተክሎች 5 ወይ 10 ምረጡና ክር እሰሩባቸው፣ ዳር ያሉትን ተዉ። ከዛ፦ 50 በመቶው ያበበበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ ቁመት፣ ዋና ቅርንጫፍ ብዛት፣ በተክል ያለው ፖድ፣ በፖድ ውስጥ ያለው ፍሬ፣ የ1,000 ፍሬ ክብደት፣ የፕሎቱ ምርት፣ የዘይት መጠን። በዓይን የሚታዩት ደግሞ የቅጠል ቀለምና ቅርጽ፣ ግንዱ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም መኖሩ፣ የአበባ ቀለም፣ የፍሬ ቀለም።

ቁመት ስትለኩ ሁለት ሰው ሁኑ፣ ጎመን ዘር ጥሩ ዝናብ ካገኘ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ አንዱ ሜትሩን ስሩ ላይ ይዞ አንዱ ጫፉን ያንብብ። አጨዳው ላይ ታች ያሉት ፖዶች ቢጫ ሲሆኑ ጠዋት ጤዛ እያለ እጨዱ፣ እስከ ቀትር ከቆያችሁ ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ህዳርና ታህሳስ ማለት ነው። አውድማ ላይ ደግሞ አንዱን አክሰሽን ወቅታችሁ ጨርቁን ሳታራግፉ ሌላውን እንዳትጀምሩ፣ ፍሬዋ ስፌት ውስጥ ሳይቀር ትደበቃለች።

ሂሳቡ

ያልፈለጋችሁ ዝለሉት፣ ግን ቀላል ነው፣ ኤክሴል ላይ ይሰራል፣ አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የምትችሉ አግሪኮሌ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ።

በዓይን ለሚታዩት የሻነን ኢንዴክስ ነው፣ ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በአንድ ቁጥር የሚያሳይ። ለምሳሌ ያህል ከ40 አክሰሽን 28ቱ ቡናማ፣ 8ቱ ቢጫ፣ 4ቱ ጠቆር ያሉ ቢሆኑ ድርሻቸው 0.7፣ 0.2፣ 0.1 ነው። እያንዳንዱን በራሱ ናቹራል ሎግ አባዙ፣ ደምሩ፣ ምልክቱን ቀይሩ፣ 0.80 ይመጣል። በ3 ክፍል የሚቻለው ትልቁ 1.10 ስለሆነ 0.80 ለ1.10 ሲካፈል 0.73። ወደ 1 ሲጠጋ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ ወደ 0 ሲጠጋ ሁሉም አንድ አይነት ነው። ይሄን በየወረዳው ስታሰሉት ቀጣይ ዘር ፍለጋ የት መሄድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ለሚለኩት ባህሪያት ከአኖቫ (ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚከፋፍል ስሌት) ሰንጠረዥ ሁለት ቁጥር ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ የአክሰሽኑ ሚን ስኩዌርና የኤረሩ (ከዘሩ ውጭ የሆነው ቀሪ ልዩነት) ሚን ስኩዌር። ልዩነታቸውን በድግግሞሽ ብዛት ስታካፍሉ የጄኔቲክ ቫሪያንሱ (ከዘሩ የመጣው ልዩነት) ይወጣል፣ በሱ ላይ ኤረሩን ስትደምሩ ደግሞ የፌኖታይፕ ቫሪያንስ (ማሳው ላይ የምናየው ጠቅላላ ልዩነት)። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ሄሪታቢሊቲ ነው፣ ከምናየው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘሩ እንደመጣ ማለት ነው።

ሁለት ምሳሌ ላሳያችሁ፣ ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጠ ነው። የማበቢያ ቀን፣ ሚን ስኩዌር 96፣ ኤረር 16፣ ድግግሞሽ 2፣ አማካይ 80 ቀን። 96 ሲቀነስ 16 ለ2 ሲካፈል 40፣ ሲደመር 16፣ 56። ሄሪታቢሊቲ 40 ለ56፣ 71 በመቶ። የ56 ስኩዌር ሩት 7.48 ነው፣ በ2.06 እና በ0.71 ስታባዙት 11 ቀን ይመጣል፣ ይሄ ጄኔቲክ አድቫንስ ይባላል፣ 2.06 ከመቶው የተሻለውን 5 ስትመርጡ የሚገባ ቋሚ ቁጥር ነው። ማለትም የቀደሙትን 5 በመቶ ብትመርጡ ልጆቻቸው በአማካይ 11 ቀን አካባቢ ይቀድማሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።

አሁን ምርቱን እዩ፣ ሚን ስኩዌር 250,000፣ ኤረር 150,000፣ ድግግሞሽ 2፣ አማካይ በሄክታር 1,500 ኪሎ። ጄኔቲኩ 50,000፣ ፌኖታይፑ 200,000፣ ሄሪታቢሊቲ 25 በመቶ ብቻ። ማሳው ላይ በዓይናችሁ የምታዩት ልዩነት ትልቅ ነው፣ አንዱ ፕሎት ሞልቶ አንዱ ባዶ ይመስላል፣ ግን ሶስት አራተኛው የአፈሩ፣ የውሃውና የአጋጣሚው ነው። ስለዚህ አቦ፣ በአንድ ዓመት ማሳ ዞራችሁ "ይሄ ያምራል" ብላችሁ በምርት አትምረጡ፣ ማበቢያ ቀን፣ ቁመት፣ የፍሬ ክብደት አይነት ሄሪታቢሊቲው ከፍ ያለውን በመጀመሪያው ዙር ምረጡ፣ ምርቱን ግን ድግግሞሽ ስታበዙና ቦታ ስትጨምሩ ብቻ። ይሄ አንድ ነገር ብቻ ቢገባን ብዙ የጠፋ ድካም ይተርፍ ነበር።

ከዛ ክላስተርና ፒሲኤ አለ፣ በብዙ ባህሪ የሚመሳሰሉትን አክሰሽኖች የሚያቧድኑ ስሌቶች ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ይሰራዋል፣ ከመስራቱ በፊት ግን ባህሪያቱን ስታንዳርዳይዝ አድርጉ (ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ አምጡ)፣ አለበለዚያ በሴንቲ ሜትር የተለካው ቁመት ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የክላስተሩ ጥቅም ለማዳቀል ነው፣ የራቁትን ማወቅ። አንድ የምትታዘቡት ነገር ብዙ ጊዜ ክላስተሩ ወረዳን አይከተልም፣ የጨለንቆ ዘር ከግራዋ ጋር ሊገባ ይችላል፣ ዘር በጋብቻና በገበያ ስለሚዞር፣ ስለዚህ ከአንድ ወረዳ አንድ ወስጄ ጨረስኩ አይባልም። የዲኤንኤ ማርከር አቅም ካላችሁ ጨምሩበት፣ የሰብሉ ሙሉ ጂኖም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ስለታተመ ስራው ቀሏል፣ ግን የማሳው ልኬት ካልተጠነቀቀ ማርከር አያድነውም።

ላብራቶሪ

የዘይት መጠን በሶክስሌት (ዘይቱን በኬሚካል አሟሙቶ በሚያወጣ መሳሪያ) በምግብ ሳይንስ ላብ ይሰራል፣ ኤንኤምአር የሚባል መሳሪያ ያለበት ቦታ ካገኛችሁ ፍሬው ሳይበላሽ በደቂቃ ይነበባል፣ መልሳችሁም ትዘሩታላችሁ። የጎመን ዘር ብዙውን ጊዜ 40 በመቶ ግድም ነው። ቢጫ ፍሬ ያላቸውን በተለይ ለዩ፣ ልጣጫቸው ስስ ስለሆነ ዘይትና ፕሮቲን ከፍ፣ ፋይበር ዝቅ ያለ ይሆናሉ።

መምረጥና ማዳቀል

ከመጀመራችሁ ግባችሁን ወስኑ ምክንያቱም ግቦቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ለምግብ ዘይት ከሆነ ኤሩሲክ ወደ ዜሮ፣ ለፋብሪካ ከሆነ በተቃራኒው ኤሩሲክ ከፍ እንዲል ነው የሚፈለገው፣ ቅባትና ፕላስቲክ ማለስለሻ ውስጥ ስለሚገባ። ግሉኮሲኖሌቱም እንደዛው፣ ለመኖ ዝቅ ይበል፣ አፈር ውስጥ ያለ ኔማቶድ ለማጥፋት ፋጉሎውን የሚፈልግ ደግሞ ከፍ እንዲል ይፈልጋል። ለሐረርጌ የኔ ምርጫ ቶሎ የሚደርስ፣ ቢጫ ፍሬ፣ ክሽክሽ የሚችል ነው፣ ዝናቡ መስከረም ላይ ስለሚቆምብን። ይሄን ሁሉ ከራሳችን ዘር መምረጥ ይቻላል። ዜሮ ኤሩሲክ ግን ከኛ ዘር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ተስፋ የለውም ማለት ይቻላል፣ ተመራማሪዎች ያመጡት ከዘመዶቹ አዳቅለው ነው፣ ለቢ ጂኖሙ ቢ ካለው ሌላ የሰናፍጭ ዘመድ ከብራሲካ ጁንሲያ፣ ለሲ ጂኖሙ ሲ ካለው ከሬፕሲድ፣ የዩ ትሪያንግል እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው።

መጀመሪያ ንጹህ መስመር፣ ማለትም ልጆቹ ሁሉ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ዘር። ጎመን ዘር በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ግን ንብ ስለሚወደው ቀላል የማይባል ድርሻ ከሌላ ይዳቀላል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ጎረቤት ጓሮ ያበበው የሐበሻ ጎመን ያው ራሱ ዝርያ ነው፣ ከናንተ ማሳ ጋር ያለ ችግር ይዳቀላል፣ ስለዚህ ጎረቤቶቻችሁን አናግሩ ወይ ራቅ ብላችሁ ዝሩ። የመረጣችሁትን ተክል አበባው ከመከፈቱ በፊት ዋናውን ዘለላ በስስ ጨርቅ ከረጢት ሸፍኑ፣ በየሁለት ሶስት ቀኑ ነቅነቅ አድርጉት፣ ፖድ ሲይዝ አውልቁ። ከአንዱ ተክል የመጣው ፍሬ በሚቀጥለው ዓመት አንድ መስመር ሆኖ ይዘራል፣ እንደዚህ እየቀጠላችሁ ከ5 እስከ 6 ትውልድ።

ማዳቀሉ ደግሞ የእጅ ስራ ነው፣ ወረንጦ፣ አልኮል፣ የወረቀት ከረጢት፣ ክርና እርሳስ ይበቃል። የጎመን ዘር አበባ 4 ቅጠል፣ 6 ወንዴ አለው፣ 4ቱ ረጃጅም 2ቱ አጫጭር። ነገ የሚከፈት እምቡጥ ምረጡ፣ ጫፉ ላይ ቢጫው ገና ብቅ ያለ፣ ከዘለላው ላይ የተከፈቱትንና በጣም ትንንሾቹን በሙሉ ቆርጣችሁ አስወግዱ፣ 5 ወይ 6 እምቡጥ ብቻ ይቅር። እምቡጡን በሁለት ጣት ይዛችሁ በወረንጦ ጫፍ በጎን በኩል ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ ስድስቱንም አንተር (የወንዴው ዱቄት ያለበት ጫፍ) አንድ በአንድ አውጡ፣ መሃል ላይ ያለችውን አረንጓዴ ሴቴ እንዳትነኳት፣ ከተጠመዘዘች ያ አበባ ሞተ። አንድ አንተር እንኳ ከቀረ የምታገኙት ፍሬ የእናቱ እንጂ የዲቃላ አይደለም፣ ስለዚህ ስድስት ቁጠሩ። ወዲያው ወይ በነጋታው ጠዋት ከአባቱ ተክል የዛኑ ጠዋት የተከፈተ አበባ ቆርጣችሁ የሴቴዋ ጫፍ ቢጫ እስኪሆን ቀስ ብላችሁ አሹባት። ሸፍኑ፣ እናት በአባት ብላችሁ ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ ዝናብ ያጠፋዋል። ወደ ሌላ አባት ስትሄዱ ወረንጦውን አልኮል ውስጥ ንከሩ። ከሳምንት በኋላ ከረጢቱን አንሱ፣ ፖዱ መርዘም ከጀመረ ይዟል።

ኤሩሲክ ላይ ለምትሰሩ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ፣ የኤሩሲክ መጠን የሚወሰነው በፅንሱ በራሱ ጂን ነው፣ በእናት ተክሉ አይደለም፣ ስለዚህ በአንድ ፖድ ውስጥ ያሉ ፍሬዎች ይለያያሉ። ፍሬውን እርጥብ ወረቀት ላይ አበቅላችሁ የውጪኛውን ኮቲሊደን (መጀመሪያ የሚወጣውን የፍሬ ቅጠል) ቆርጣችሁ ፋቲ አሲድ ለሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ትልካላችሁ፣ የቀረው ችግኝ ይተከላል፣ ያልፈለጋችሁትን ዓመት ሳትጠብቁ ትጥላላችሁ። ሁለት ጂን ነው የሚቆጣጠረው፣ አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን፣ ስለዚህ በሁለተኛው ትውልድ ዜሮ የሆነው ከ16 አንዱ ነው። ቢያንስ አንድ ለማግኘት 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ 47 ፍሬ መመርመር አለባችሁ፣ 10 ፍሬ መርምራችሁ የለም ብላችሁ አታቁሙ። ግሉኮሲኖሌትና የፍሬ ቀለም ግን የእናት ተክሉን ነው የሚከተሉት፣ ለነሱ ፍሬ በፍሬ መመርመር ዋጋ የለውም፣ ከአንዱ ተክል የመጣውን አንድ ላይ ፈጭታችሁ መርምሩ፣ ቢጫ ፍሬም ከአባቱ በኩል ካመጣችሁ ያዳቀላችሁበት ፖድ ውስጥ አትጠብቁት፣ ትውልድ ዘግይቶ ነው የሚታየው።

መጨረሻ ላይ

የመረጣችኋቸውን መስመሮች ከቼኮቹ ጋር መልሳችሁ በብዙ ቦታ ትሞክራላችሁ፣ ያሸነፈው ወደ ብሔራዊ የዝርያ ሙከራ ይሄዳል፣ ለዛ ከሆለታ የቅባት እህል ክፍል ጋር አብራችሁ ስሩ፣ ለብቻ አይሆንም። ሰብሉ ሲደርስ ገበሬዎቹን ወደ ማሳው ጋብዙ፣ ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ወንዶቹን ለብቻቸው አዙሯቸውና የወደዱት ፕሎት ላይ ክር ይሰሩ፣ የማን ምርጫ እንደሆነ እንዲለይ የክሩ ቀለም ይለያይ፣ ለምን እንደመረጡት ጻፉ። ከሰበሰባችሁት ዘር ደግሞ አንድ ድርሻ ከነመረጃው ለጂን ባንኩ አስረክቡ፣ አንድ ድርሻ ዘሩን ለሰጧችሁ ቤቶች፣ ከረጢቱ ላይ የራሳቸው የሰጡትን ስም ጽፋችሁ፣ ከመጋቢት በፊት፣ ለሚቀጥለው ክረምት እንዲደርስላቸው።